የአጥር ላይ ሥዕልና የሠፈር እንጉርጉሮ፤ ስለ ከተማ ቦታ አጠቃቀም የቀረበ ሂስ

በኤግዚቢሽን አዳራሽ የማይሰቀል፣ ሠዓሊው ፊርማውን የማያኖርበት፣ ዳሩ ግን ዛሬ በአዲስ አበባ ከማናቸውም ሥዕል ይልቅ በብዙ ሰው ዓይን የሚገባ አንድ የሥዕል ዓይነት አለ። ይኸውም በግንባታ ሥፍራዎች አጥር ላይ የሚሰቀለው፣ ወደፊት በቦታው የሚቆመውን ሕንፃ፣ መናፈሻና ጎዳና አስቀድሞ የሚያሳየው ሥዕል ነው። ሐያስያን ስለ ልብ ወለዱ፣ ስለ ተውኔቱና ስለ ግጥሙ ያለ ማቋረጥ ሲጽፉ፣ ይህን ሥዕል ግን የመሐንዲስ ጉዳይ ነው በማለት አልፈውታል። ባያልፉት ደግ ነበር። ሥዕሉ አንድ ቁራሽ መሬት ለምን ተግባር እንደሚውል፣ ማን እንደሚኖርበት፣ ማንስ እንደማይኖርበት የሚናገር ነውና። ቅርጽ አለው፣ ይዘት አለው፣ ተመልካችም አለው፤ ቅርጽ፣ ይዘትና ተመልካች ያለው ሥራ ሁሉ ደግሞ ለሂስ የተገዛ ነው።

እስቲ ሥዕሉን ቀረብ ብለን እንመልከተው። በመጀመሪያ ጊዜው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ወይ ማለዳ ነው፣ ወይ ጀምበር ልትጠልቅ ስትል ነው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነው። በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ የሚወርድባት፣ በሐምሌና በነሐሴ ጎዳናዎቿ ወንዝ የሚሆኑባት ከተማ በአጥር ላይ ስትሣል አንዲት ጠብታ እንኳ አይወርድባትም፤ ስለዚህም ውሃው በየት በኩል እንደሚወጣ የሚጠይቅ የለም። ዛፎቹ ሁሉ አድገው ጨርሰዋል። ሰዎቹ ቀጥ ብለው ይራመዳሉ እንጂ አይሠሩም፤ ከመካከላቸው ሸክም የያዘ አይገኝም። በጉልት የተቀመጠች እናት፣ ሊስትሮ፣ የታክሲ ሰልፍ፣ ልብስ የተሰጣበት ገመድ፣ በርበሬ የተሰጣበት ሰሌን፣ የለቅሶ ድንኳን ከቶ አይታይም። በተውኔት ቋንቋ ብንናገር፣ መድረኩ ተሠርቷል፣ መብራቱ በርቷል፣ ገጸ ባሕርያቱ ግን አልመጡም፤ በእነርሱ ፈንታ የገቡት አላፊ አግዳሚዎች ናቸው። አላፊ አግዳሚ ደግሞ በተውኔት ውስጥ ቃለ ተውኔት የለውም።

በዚህ ሥዕል አንጻር የቆመ ሌላ የኪነ ጥበብ ዘርፍ አለ፤ እሱ እንኳ የእኛው፣ የባለ ሙያዎቹ ነው። አንድ ሠፈር በፈረሰ ማግስት የሚጻፈው ግጥም፣ የሚዜመው እንጉርጉሮ፣ በሸራ ላይ የሚሣለው የዛገ የቆርቆሮ ጣሪያ ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ ቡናው ሁልጊዜ ይፈላል፤ ጎረቤት ከጎረቤት ይጠራራል፤ ልጆች የጨርቅ ኳስ ያንከባልላሉ፤ ፀሐይ በቆርቆሮው ቀዳዳ ወርቅ መስላ ትገባለች። ግጥሙ ሲነበብ ዕንባ ያስመጣል፤ ስሜቱም ሐሰት አይደለም። ነገር ግን በዚያው ቀዳዳ በክረምት የሚገባው ዝናብ ነው። ብዙ ቤተሰብ የሚሰለፍበት የጋራ መጸዳጃ ጉድጓድ፣ በሌሊት ተነሥታ ከቦኖ ውሃ የምትቀዳው ልጃገረድ፣ በጠባቡ መተላለፊያ የእሳት አደጋ መኪና ሊገባ ያለመቻሉ በግጥሙ ውስጥ ሥፍራ አላገኙም። እንግዲህ የአጥሩ ሥዕልና የሠፈሩ እንጉርጉሮ ጠላቶች ቢመስሉም አንድ ጉድለት ይጋራሉ። የመጀመሪያው የሚመጣውን ኑሮ፣ ሁለተኛው የሄደውን ኑሮ ከድካምና ከፍሳሽ አጽድተው ያቀርባሉ። ሁለቱም ሲያልቁ ተመልካቹ የሚወስነው ነገር አይኖርም፤ በአንደኛው ያደንቃል፣ በሌላው ያለቅሳል።

ሊወሰን የሚገባው ግን አለ። አንድን የከተማ ቦታ ለየትኛው ተግባር ማዋል ይበልጣል? ከልጅ ልጅ ሊዘልቅ የሚችለው ልማትስ የትኛው ነው? ጥያቄው ሲሰማ የቴክኒክ ጥያቄ ይመስላል። የአዲስ አበባን የቦታ ስሞች በጥሞና ላነበበ ግን የታሪክና የሥልጣን ጥያቄ መሆኑ ይገለጥለታል። ከተማዪቱ በ1879 ዓ.ም. በፍል ውሃው አካባቢ ስትቆረቆር፣ እያንዳንዱ መኰንን በተሰጠው ቦታ ላይ ከነጭፍራውና ከነአሽከሩ ይሠፍር ነበር። በዚህም የተነሣ የጌታው ግቢና የሎሌው ጎጆ በአንድ አጥር ዙሪያ ተቃቅፈው አደጉ፤ የሀብታም ብቻ ወይም የድኻ ብቻ የሆነ ሠፈር በአዲስ አበባ እንደ ሌሎች ከተሞች ጎልቶ ያልታየውም ከዚህ የተነሣ ነው። ይህ ከፍትሕ የመነጨ አልነበረም፤ ጌታ ያለ ሎሌ ሊኖር ስላልቻለ ነው። ቢሆንም ለከተማዪቱ አንድ ጠባይ ሰጣት።

በ1928 ዓ.ም. የገባው የጣሊያን ወራሪ ይህን ጠባይ ለመለወጥ ፕላን አወጣ። ነጩንና ጥቁሩን ለመለየት ሲል በአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ የነበረውን ትልቅ ገበያ ወደ ምዕራብ ገፋው፤ የዛሬው መርካቶ የተተከለው በዚህ ሐሳብ ነው። ካዛንቺስ የሚለውም ስም ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው መሥሪያ ቤት ምሕጻር የወጣ ነው። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባርሮ ሄደ፤ ያደላደለው ቦታ ግን አልሄደም። በሺህ የሚቈጠር ሸቃጭና ተሸካሚ ዛሬም በየማለዳው የሚጎርፈው በዚያ ጊዜ በካርታ ላይ በተሠመረ መሥመር ነው። የከተማ ቦታ ውሳኔ ከወሳኙ ዕድሜ ይልቅ እንደሚረዝም ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያ የሚይዘው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ ወሰነ፤ የቤት ኪራይ ቀነሰ፤ በወር እስከ 100 ብር ይከራዩ የነበሩትን ቤቶች ለቀበሌ አስረከበ። የአዋጁን ውጤት በአንድ ቃል መፈረጅ ለካድሬም ሆነ ለነቃፊ ቀላል ነው፤ እውነቱ ግን ሁለት ፊት አለው። በአንድ በኩል ድኻው ከመሐል ከተማ ሳይነቀል፣ ከሥራው፣ ከገበያውና ከልጆቹ ትምህርት ቤት አጠገብ እንዲቆይ አደረገ። በሌላ በኩል ኪራዩ ለዐሥርት ዓመታት በነበረበት ሲረጋ ቤቱን የሚያድስ ጠፋ። ነዋሪው ቤቱ የእኔ አይደለም አለ፤ ቀበሌው ገንዘብ የለኝም አለ፤ በመካከሉ ግድግዳው ዘመመ። ሠዓሊዎቻችን የሚወዱት የዘመመ ግድግዳ ታሪኩ ይኸው ነው።

ከዚያ በኋላ በ1986 ዓ.ም. የሊዝ አዋጅ መጣ፤ በ1994 ከዚያም በ2004 ዓ.ም. በሌሎች አዋጆች ተተካ። መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ሆኖ ሲቀር፣ የመጠቀሙ መብት ግን በጨረታ ለበለጠ ከፋይ የሚተላለፍበት መንገድ ተከፈተ። ጨረታ ጠቃሚ መሣሪያ መሆኑን አንክድም፤ የከተማ አስተዳደር መንገድ የሚዘረጋበትንና ውሃ የሚስብበትን ገንዘብ ከአንድ ቦታ ማግኘት አለበት። ስሕተቱ የሚጀምረው ከፍተኛው ዋጋ ምርጡ አጠቃቀም ነው ተብሎ ሲወሰድ ነው። ጨረታ የሚቈጥረው የተጫረተውን ብቻ ነው። ጉልት አይጫረትም፤ ዕድር አይጫረትም፤ ወንዝ አይጫረትም፤ ከሃያ ዓመት በኋላ የሚወለድ ሕፃን ሰነድ ገዝቶ አይሰለፍም። ሕጉ ራሱ ይህን ሳያውቅ አልቀረም። የ2004ቱ አዋጅ በአዲስ አበባ ለንግድ 60 ዓመት ሲፈቅድ፣ ለትምህርት፣ ለጤና፣ ለባህልና ለስፖርት 90 ዓመት ይፈቅዳል። (የባህል ሰዎች ይህን 90 የሚል አሐዝ አንብበነው ቢሆን ኖሮ፣ በየስብሰባው ስለ አዳራሽ እጦት ከማጉረምረም ይልቅ ማመልከቻ እንጽፍ ነበር።) ለከተማ ግብርና የተፈቀደው ግን 15 ዓመት ብቻ ነው። ወደዚህ አሐዝ በኋላ እንመለስበታለን።

ተውኔት ጸሐፊ ስለ ቦታ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ መድረክ ጠባብ ነው። ስለዚህ ብልህ አዘጋጅ በመድረኩ ላይ ያኖረውን አንድ አግዳሚ ወንበር በመጀመሪያው ገቢር አልጋ፣ በሁለተኛው የፍርድ ቤት ሳጥን፣ በሦስተኛው መቃብር ያደርገዋል። ለአንድ ተግባር ብቻ የሚያገለግል ዕቃ መድረኩን ከማጣበብ በቀር ፋይዳ የለውም። የአሮጌው ሠፈር መንገድ የሚተዳደረው በዚህ ሕግ ነበር። ማለዳ ጉልት ነው፤ ረፋድ ላይ እህል ይሰጣበታል፤ ከሰዓት በኋላ የኳስ ሜዳ ይሆናል፤ ኀዘን ሲመጣ የዕድሩ ድንኳን ተተክሎበት ለሦስት ቀን አዳራሽ ይሆናል፤ በጥር ደግሞ ያው ድንኳን የሠርግ ይሆናል። ይህን ያስገኘው የቦታ ጥበት ነው፣ ድኽነት ነው የሚል አለ። እርግጥ ነው። የመድረክንም ጥበብ ያስገኘው ጥበቱ ነው። ፕላን ግን በቀለም ይሠራል፤ ቢጫው መኖሪያ፣ ቀዩ ንግድ፣ አረንጓዴው መናፈሻ እየተባለ ይቀባል፤ ለድንኳን የተመደበ ቀለም የለውም። የከተማ ፕላን ሊቃውንት ቅይጥ አጠቃቀም እያሉ ዛሬ የሚያስተምሩትን ነገር የዕድር ዳኛ ከጥንት ጀምሮ ሲሠራበት ኖሯል ብንል ማጋነን አይሆንም።

በ1990ዎቹ ማለቂያ ላይ በሰፊው የተያዘው የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግንባታ በዚህ ሚዛን ሲታይ ከሚገባው በላይ ተነቅፏል፤ ከሚገባውም በላይ ተመስግኗል። በመቶ ሺዎች የሚቈጠሩ ሰዎች ከጭቃ ቤት ወጥተው ውሃ፣ መብራትና መጸዳጃ ያለው ቤት አግኝተዋል፤ ዕጣው የቢሮ ኃላፊውንና የጽዳት ሠራተኛዪቱን በአንድ ደረጃ ላይ አገናኝቷል። ከሁሉም የሚያስደንቀው ነዳፊዎቹ ድንኳኑን ፈጽመው አለመርሳታቸው ነው። በየሕንፃዎቹ መካከል እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ በግ የሚታረድበት የጋራ መገልገያ ቤት ሠርተዋል። ይህች ትንሽ ቤት በይዘት ረገድ ከጠቅላላው ሥራ የላቀች ናት፤ አንድ ሰው የሰውን ኑሮ አስቦ እንደ ነደፋት ያስታውቃል። ከእነዚህ ቤቶች በኋላ ለኪራይና ለሌላ ተግባር የዋሉት ጥቂት አለመሆናቸው ያሳዝናል። እንግዲህ ድንኳኑ ወደ መኪና ማቆሚያው ወጣ፤ ለቅሶ የደረሰባቸው ሰዎች መኪና እንዲነሣላቸው በር ለበር ይለምናሉ።

የከበደው ጉድለት ግን ሌላ ነው። ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ የተሠሩት በዳር ነው፤ የተሠሩበትም መሬት ባዶ አልነበረም። ጤፍና ስንዴ የሚበቅልበት፣ ከብት የሚሰማራበት፣ ባለቤትና የቦታ ስም ያለው እርሻ ነበር። በ1997 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ መሠረት ከመሬቱ የሚነሣ ገበሬ ካሳው የሚሰላው ባለፉት አምስት ዓመታት ያገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ በዐሥር ተባዝቶ ነበር፤ የ2011 ዓ.ም. አዋጅ ይህን አሻሽሎ ከመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ገቢ በዐሥራ አምስት እንዲባዛ አደረገ። ሒሳቡ ሰብሉን ይቈጥራል፤ መሬቱን አይቈጥርም። ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ዓመት ለአንድ ሰው ረጅም ይመስላል፤ ለአንድ ቤተሰብ ግን ከልጅ ልደት እስከ ልጅ ዕድገት እንኳ አይደርስም። ይህ ቅራኔ ወረቀት ላይ አልቀረም። በ2006 ዓ.ም. አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ከተሞች ያጣመረው ማስተር ፕላን የቀሰቀሰው ተቃውሞ ብዙ ሕይወት ካስከፈለ በኋላ በጥር 2008 ዓ.ም. ፕላኑ ተሰረዘ፤ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የኮዬ ፈጬ ቤቶች ዕጣ በወጣ ጊዜ ተመሳሳይ ቁጣ ተነሣ። እዚህ ላይ የሂሱ ጫፍ ወደ እኛ ይዞራል። የፈረሰውን የመሐል ከተማ ሠፈር ያላለቀሰለት ገጣሚ የለም ለማለት ይቻላል፤ ትላንት ያረሰበት ማሳ ላይ ዛሬ የዘበኝነት ሥራ የያዘውን ገበሬ ግን በአዲስ አበባ መድረክ ላይ እምብዛም አላየነውም። ድራማው ሁሉ በእጁ ያለ ገጸ ባሕርይ ነው፤ ነገር ግን ለቅሶው በእኛ ቋንቋና በእኛ ሠፈር ስላልሆነ ጆሮ ነፈግነው።

ነዋሪን በነበረበት ማስቀመጥ ይቻላል ወይስ አይቻልም? በ2000ዎቹ መጀመሪያ ልደታ ላይ 26 ሄክታር ያህል ፈርሶ ሲገነባ ከተነሺዎቹ ከፊሎቹ በዚያው ወደ ተሠራው የጋራ መኖሪያ ሲገቡ ሌሎቹ ወደ ሩቅ ሥፍራ ሄዱ። በኅዳር 2011 ዓ.ም. የለገሃር ፕሮጀክት በ36 ሄክታር ላይ ሊጀመር ሲል ደግሞ በቦታው የነበሩት ወደ 1,600 የሚጠጉ አባወራዎች እዚያው ቤት ተሠርቶላቸው እንደሚኖሩ በይፋ ተነገረ። ይህ ጸሐፊ ያን ዜና በሰማ ጊዜ ደስ ብሎታል፤ የደስታው ምክንያት ቁጥሩ አልነበረም። በከተማዪቱ ውድ ከሆኑት ቦታዎች አንዱ ላይ ድኻው የቦታው ባለ መብት ተደርጎ መነሣቱ፣ የከፍተኛው ዋጋና የምርጡ አጠቃቀም እኩልነት አንድ ጊዜ እንኳ በአደባባይ መጣሱ ነው።

አሁን በአጥር ላይ ተሥሎ ወደማያውቅ ቦታ እንሂድ። ቆሼ የሚለው ስም ሌላ ትርጉም የለውም፤ ቆሻሻ ማለት ነው። የከተማው ጥራጊ ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል የተከመረበት ይህ ቦታ ሲጀመር ከከተማ ውጭ ነበር። ከተማው አድጎ ደረሰበት፤ ከዚያም አልፎት ሄደ። በሌላ ሥፍራ የመኖሪያ ቦታ ያጡ ሰዎች በክምሩ ግርጌ ጎጆ ቀለሱ፤ ከክምሩም ላይ ብረትና ፕላስቲክ እየለቀሙ ኖሩ። በ2008 ዓ.ም. ሰንዳፋ ላይ አዲስ የቆሻሻ ማስወገጃ ተከፍቶ ነበር፤ የአካባቢው ገበሬዎች ስለ ተቃወሙት በወራት ውስጥ ተዘጋና ጥራጊው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቅዳሜ ማታ ክምሩ ተንዶ ከመቶ ዐሥር በላይ ሰዎችን ቀበረ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በነሐሴ 2010 ዓ.ም. በዚያው ሥፍራ ከቆሻሻ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ፋብሪካ ተመረቀ።

ስለ ከተማ ቦታ አጠቃቀም የሚጻፍ ማናቸውም ነገር ቆሼን ካላለፈ ሙሉ አይሆንም። ምክንያቱም ቆሼ የአንድ ሰው ክፋት ውጤት አይደለም። ማንም ተጫራች የማይፈልገው፣ ማንም ጎረቤት የማይቀበለው፣ ነገር ግን ከተማው ያለ እርሱ አንዲት ቀን መዋል የማይችለው ተግባር ቦታ ሲያጣ የሚሆነው ነው። የመሐል ከተማው ሰው ጥራጊውን ወደ ዳር ላከ፤ የዳሩ ገበሬ አልቀበልም አለ፤ በሁለቱ መካከል የተገኙት ቤት የሌላቸው ሰዎች ከፈሉ። ከአሳዛኝ ተውኔት ሕግጋት አንዱ ማንም ወንጀለኛ ሳይሆን ጥፋት እንዲደርስ ማድረግ ነው። ይህን ያህል ነገር ተሰጥቶን ሳለ ስለ ቆሼ የጻፍናቸው ግጥሞች አብዛኞቹ የአንድ ሳምንት ሙሾ ሆነው ቀሩ። የቆሻሻ መኪናው ከየት ተነሣ፣ በየት አለፈ፣ ሰንዳፋ ለምን እንቢ አለ ብሎ የጠየቀ ስንኝ ቢኖር አንባቢ የሚያገኘው ከሐዘን በላይ በሆነ ነበር።

ወደ 15 ዓመቱ እንመለስ። ከእንጦጦ ተነሥተው ከተማዪቱን እያቋረጡ ወደ አቃቂ የሚወርዱት ቀበና፣ ቀጨኔ፣ ባንቲይቀጡና ሌሎቹ ወንዞች ለረጅም ዘመን የከተማዪቱ ጓሮ ሆነው ቆይተዋል፤ የመጸዳጃው ፍሳሽም፣ የቆዳ ፋብሪካውም ዝቃጭ የሚወርደው ወደ እነርሱ ነው። በዚያው ውሃ በዳርቻዎቹ ጎመን፣ ሰላጣና ቆስጣ ይለማል፤ የከተማዪቱ ማዕድ ከዚህ አትክልት ድርሻ አለው። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የወንዝ ዳርቻ ልማት፣ ከዚያም ወዲህ የተሠሩት የእንጦጦና የወዳጅነት መናፈሻዎች በዚህ አንጻር ትልቅ ለውጥ ናቸው፤ ወንዝን ከጓሮነት ወደ ፊት ለፊት አምጥተውታል። በ2009 ዓ.ም. የወጣው መዋቅራዊ ፕላን ከከተማው ቦታ 30 በመቶውን ለመንገድ፣ 30 በመቶውን ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ 40 በመቶውን ለግንባታ ይመድባል፤ ሐሳቡ መልካም ነው። ዳሩ ግን አረንጓዴ ሁሉ አንድ አይደለም። ተከፍሎ የሚገባበት ሣር፣ ከክፍያ ነፃ የሆነ የሠፈር ሜዳና ጎመን የሚበቅልበት ማሳ በፕላኑ ላይ አንድ ዓይነት ቀለም ይቀባሉ። በሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት የኑሮ ልዩነት ነው። ውሃውን አጽድቶ ጎመኑን ማቆየት፣ ውሃውን ደብቆ ሣር ከመዝራት ይከብዳል፤ ለዚህም ነው 15 ዓመት የተሰጠው አትክልተኛ 60 ዓመት በተሰጠው ሆቴል ፊት የሚሸነፈው።

በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማት ለዚህ መጽሔት አንባቢ ቅርብ ነው። ሰፋፊ የእግር መንገዶች፣ የብስክሌት መሥመሮች፣ የመንገድ መብራቶች ተሠርተዋል። አብዛኛው ሕዝብ በእግሩ በሚሄድባት ከተማ ለእግረኛ መንገድ መሥራት ከማናቸውም የቦታ አጠቃቀም ይልቅ ለብዙኃኑ የቀረበ ነውና ይህን አለማመስገን ንፉግነት ነው። ነገር ግን በዚያው ዓመት በፒያሳ ዶሮ ማነቂያን የመሳሰሉ መንደሮች በሳምንታት ውስጥ ፈረሱ፤ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ካዛንቺስ ተከተለ። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር «ሌቱም አይነጋልኝ» የተቀመጠባት ውቤ በረሃ ያለችው በዚሁ በፒያሳ አካባቢ ነው፤ ልብ ወለዱን ለሚያስተምር መምህር ከእንግዲህ ተማሪዎቹን ይዞ የሚሄድበት ቦታ ጠቦታል። ይህ ትንሹ ኪሳራ ነው። ትልቁ ሌላ ነው።

የቴአትር ቤቶቻችንን አቀማመጥ እንመልከት። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር በፒያሳ ነው፤ የ1957ቱ ማዘጋጃ ቤት ከነአዳራሹ በዚያው ነው፤ በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ቁልቁለቱን ሲወርዱ ይገኛል። ሦስቱን በእግር ለማዳረስ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። እነዚህን አዳራሾች ለዐሥርት ዓመታት የሞላቸው ማን ነው? እሑድ ከቀትር በኋላ ነጠላዋን አጣፍታ በእግሯ የምትመጣ የሠራተኛ ሠፈር፣ የዶሮ ማነቂያ፣ የእሪ በከንቱ ነዋሪ ናት። የቲኬቱን ዋጋ ትከፍላለች፤ የትራንስፖርት ዋጋ አልነበረባትም። ይህች ተመልካች ከመሐል ከተማ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ስትሠፍር የቲኬቱ ዋጋ ሳይጨምር ቴአትሩ ተወድዶባታል፤ ማታም ከሆነ መመለሻ አታገኝም። የአንድ አገር ቴአትር ተመልካቹን አጣ ሲባል ወዲያው ስለ ቴሌቪዥንና ስለ ስልክ ይነገራል፤ ተመልካቹ የት ሠፈረ ብሎ ካርታ የሚገልጥ የለም። በየአዲሱ መንደር ለሱቅ ቦታ ሲያዝ፣ ሁለት መቶ ሰው የሚይዝ አዳራሽ፣ ጠዋት መዋዕለ ሕፃናት፣ ቀን የዕድር መሰብሰቢያ፣ ማታ ቴአትር ቤት ሊሆን የሚችል አንድ ጣሪያ ቢያዝ ኖሮ የአግዳሚ ወንበሩ ሕግ በተፈጸመ ነበር።

ይህ የምኞት ወሬ እንዳይመስል አንድ ምሳሌ እናቅርብ። በ2011 ዓ.ም. መካኒሳ ላይ የተከፈተው የዞማ ቤተ መዘክር የሠዓሊው የኤልያስ ስሜና የአጋፋሪ ባለ ሙያዋ የመስከረም አሰግድ ሥራ ነው። ቀድሞ ቆሻሻ የተጣለበትን ቦታ ይዘው በጭቃ፣ በጭድና በድንጋይ ገነቡበት። በዚያው ግቢ የሥዕል አዳራሽ፣ የአትክልት ቦታ፣ የከብት በረት፣ የሕፃናት ትምህርት ቤትና ቤተ መጻሕፍት አብረው ይኖራሉ። ጭቃ ሲባል ድኽነት ብቻ ለሚታየው ሰው ግድግዳዎቹ መልስ ናቸው። ያ የዘመመ የቀበሌ ቤት የዘመመው ጭቃ ስለሆነ ሳይሆን የሚያድሰው ስላጣ መሆኑን ያስተምራሉ። እርግጥ ዞማ አንድ ግቢ ነው፤ ለሚሊዮኖች ቤት የሚሆን መፍትሔ አይደለም፤ ሁሉም ሰው ሊደርስበትም አይችልም። እንደ ኪነ ጥበብ ሥራ ሲመዘን ግን ከአጥሩ ሥዕልም ከእንጉርጉሮውም ይለያል። ዝናቡን፣ ፍሳሹን፣ ከብቱንና ድካሙን ይዞ ውበት ሆኗል።

የ2011ዱ የካሳ አዋጅ፣ አስቸኳይ ካልሆነ በስተቀር፣ ከይዞታቸው የሚነሡ ሰዎች ከመነሣታቸው ቢያንስ አንድ ዓመት አስቀድሞ ስለ ልማቱ ዓይነትና ጥቅም እንዲመከሩ ያዛል። አንድ ዓመት! ተውኔት ለመጻፍ ስድስት ወር፣ ለልምምድ ሦስት ወር ይበቃል፤ ሦስት ወር ይተርፋል። በዚህ ዓመት ውስጥ በቀበሌው አዳራሽ ነዋሪው ራሱ ተዋናይ፣ መሐንዲሱ ራሱ ተመልካች ሆኖ የሚታይ አንድ ተውኔት ቢሠራ፣ ካርታው ላይ ያልታየው ጉልት፣ የዕድሩ ድንኳን፣ የቦኖው ሰልፍ በመድረኩ ላይ ይታይ ነበር። የሥዕል መምህራንም የአጥሩን ሥዕል ለተማሪዎቻቸው ሰጥተው የጎደለውን ሣሉበት ሊሏቸው ይችላሉ፤ ዝናብ ጨምሩ፣ ሸክም ጨምሩ፣ የሚሠራ ሰው ጨምሩ። ስለ ለገሃር የወጡትን ሥዕሎች ለመጀመሪያ ልምምድ መውሰድ ይቻላል። ረጃጅሞቹ ሕንፃዎች በግልጽ ይታያሉ፤ የቀረው እነዚያ 1,600 አባወራዎች ከየትኛው መስኮት እንደሚመለከቱ፣ ድንኳናቸውንም በየትኛው ሜዳ ላይ እንደሚተክሉ መሣል ነው።